መስከረም ላይ ቶኪዮ ምን ትሸታለች? የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ጃፓን ኑሮ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ስለ ቪዛና ስለ ሥራ የጠየቃችሁ ቅር አይበላችሁ፣ ተራችሁ ይደርሳል። ለዛሬ የመረጥኳቸው ስለ ወቅቶች የሚጠይቁትን ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ሰው በየወሩ ምን እያየ፣ ምን እየበላ፣ ምን እየጠበቀ እንደሚኖር። ዓምዱን አዲስ ለምታነቡ፣ የምኖረው በቶኪዮ ምሥራቅ ጫፍ፣ ካትሱሺካ በሚባለው ክፍለ ከተማ ነው። በጃፓን ካለነው ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን የተሰባሰብነው በዚሁ አካባቢ ነው። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለሆነ፣ ስለ ወቅት የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከምንከባከባቸው አዛውንቶች ነው። ወራቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ጥያቄ፦ የጃፓን መንግሥት የትምህርት ዕድል ሰጥቶኝ በመስከረም አጋማሽ ቶኪዮ እገባለሁ። ቀድመውኝ የሄዱት ሁሉ የሚያወሩልኝ ስለ ሳኩራ፣ ስለ ቼሪ አበባው ነው። እሱ እስኪያብብ ደግሞ ስድስት ወር አለ። እስከዚያ ከተማው ውስጥ ምን ደስ የሚል ነገር አገኛለሁ? ገንዘቤ ልክ ነው።
ተማሪ፣ ከኮተቤ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ሳኩራ አመለጠኝ ብለህ አትዘን። እኔን ብትጠይቀኝ ቶኪዮ የምታምረው በመጸው ነው፤ አንተም የምትደርሰው በሩ ሲከፈት ነው።

የመስቀል ሰሞን አንድ ጠዋት ከቤትህ ስትወጣ አየሩ በሙሉ ይሸትሃል። የበሰለ ኮክ ዓይነት ጣፋጭ ሽታ ነው። ከየት እንደመጣ ዞር ዞር ብለህ ብታይ ምንም አይታይህም፣ ምክንያቱም ሽታው ከዛፉ ብዙ እርምጃ ቀድሞ ይቀበልሃል። ኪንሞኩሴይ ይባላል። እኔ ወደ ሥራ በምሄድበት መንገድ ላይ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት አጥር ሥር አንድ አለ። ቅጠሉ ወፍራምና ጥቁር አረንጓዴ፣ አበባዋ ከሽምብራ የማትበልጥ ብርቱካናማ። ዓመቱን ሙሉ ማንም ቀና ብሎ የማያየው ቁጥቋጦ ነው። በዚያች ሳምንት ግን ብስክሌት የሚነዱ እናቶች ሳይቀሩ አጠገቡ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ከዚያ አንድ ከባድ ዝናብ ይጥልና በማግስቱ አበባው በሙሉ አስፋልቱ ላይ ብርቱካናማ ሆኖ ተነጥፎ ታገኘዋለህ፤ ሽታውም አብሮ ያልቃል።

መጦሪያችን ውስጥ ከአልጋ የማይነሱ አንዲት እናት አሉ። በዚያ ሰሞን ገና ከበሩ ስገባ የሚጠይቁኝ «ሸተተ ወይ?» ብለው ነው። ከግቢያችን ዛፍ አንዲት ቀንበጥ ቆርጠን በብርጭቆ ውሃ ራስጌያቸው እናስቀምጥላቸዋለን። ዓይናቸውን ጨፍነው ይተነፍሱና ስለ ትምህርት ቤታቸው ያወሩኛል። ይህን የምነግርህ ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ አገር ከወቅት ጋር የመጣ ነገር ቅዳሜን አይጠብቅህም። ጊዜ ሲኖረኝ ሄጄ አየዋለሁ ያለ ሰው ሲሄድ የሚያገኘው ቅጠል ብቻ ነው። ስለዚህ በሸተተህ ቀን፣ ባቡር ቢያመልጥህም፣ ቆም በል።

በዚያው ሰሞን፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመስከረም 13 ግድም፣ በወንዝ ዳርና በመቃብር ቦታዎች ሂጋንባና የሚባል ደማቅ ቀይ አበባ ያለ ቅጠል ከመሬት ብቅ ይላል። እየው፣ ፎቶ አንሳው፣ ነገር ግን ቆርጠህ ሰው ቤት ይዘህ እንዳትሄድ። ሥሩ መርዛማ ነው፣ ጃፓኖችም ከሙታን ጋር ያያይዙታል።

ገንዘቤ ልክ ነው ላልከው መልሱ ያኪኢሞ ነው። ስኳር ድንች ነው፣ በጋለ ጠጠር መሐል ቀስ ብሎ የተጠበሰ። ድሮ በየሠፈሩ የሚዞረው የእንጨት ምድጃ በጫነች ትንሽ መኪና ነበር፤ የሻጩ ዜማ በድምፅ ማጉያ እየተለቀቀ ማታ ማታ በጠባቡ መንገድ ታልፋለች። መኪናዋ አሁን አሁን እያነሰች ነው፣ ግን ሱፐርማርኬት በር ላይ ያለው መጥበሻ ከመስከረም እስከ የካቲት አይቀዘቅዝም። ቤኒ ሀሩካ የሚለውን ዓይነት ፈልግ። ሲበስል ስኳሩ በልጣጩ ላይ ወጥቶ ይጣበቃል። ለሁለት ስትሰብረው ውስጡ ጥቁር ቢጫ ነው፣ እንፋሎቱም ፊትህን ይመታሃል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከወረቀት ከረጢቱ ጋር ኪስህ ውስጥ ብትከተው እጅህንም ያሞቅልሃል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ የመንገድ ምግብ አላውቅም።

በዚሁ ወር የሩዝ ከረጢት ላይ የአዲስ ምርት ምልክት ይለጠፋል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ገዝተህ ቅመሰው፣ ያለ ወጥ የሚበላ ሩዝ ነው። ሳንማ የሚባለው ቀጭን ዓሣም የሚመጣው ያኔ ነው፣ በጨው ተጠብሶ ከተፈቀፈቀ ነጭ ራዲሽ ጋር ይቀርባል። አዛውንቶቹ የድሃ ዓሣ ነበር ይሉኛል። ባለፉት ዓመታት ግን የሚጠመደው እያነሰ ዋጋው ጨምሯል።

ኅዳርን ግን አደራ። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ፀሐይ የወጣችበትን አንድ ቀን ጠብቀህ ሜይጂ ጂንጉ ጋይየን ወደሚባለው ቦታ ሂድ። 146 የጊንጎ ዛፎች 300 ሜትር ገደማ በሆነ ጎዳና ላይ በአራት ረድፍ ቆመዋል፤ በ1923 እ.ኤ.አ. የተተከሉ ናቸው። ሁሉም በአንድነት ቢጫ ይሆናሉ። ቅጠሉ ሲረግፍ መሬቱም ቢጫ ይሆናል፣ ሕፃናት በሁለት እጃቸው እያፈሱ ይረጩታል። ከጎዳናው ጫፍ ተነስተህ ጥቂት በእግር ስትሄድ ብሔራዊ ስታዲየሙን ታገኛለህ። ሕንፃው በ2019 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ አዲስ ነው፣ የቆመው ግን አሮጌው ስታዲየም በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ የገባው እዚያ ነው። ሯጮቹ ዞረው የተመለሱት በስተምዕራብ ቾፉ ከተማ ላይ፣ ኮሹ ካይዶ በሚባለው መንገድ ነበር፤ ቦታው ላይ ዛሬም ምልክት አለ። ከምንጦራቸው አዛውንቶች መካከል በዚያን ቀን መንገድ ዳር ቆመው ያጨበጨቡ አሉ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው ስሙን ከእኔ ቀድመው ይጠሩታል። እኔ በየዓመቱ ቢጫውን ጎዳና አይቼ ስታዲየሙን ሳልዞር አልመለስም።

ጥያቄ፦ ልጄ ቶኪዮ ከሄደች ዓመት ሊሞላት ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ ዝናብና ብርድ አያስፈራትም ነበር። ሰኔ ከገባ ወዲህ ግን ስትደውል ድምፅዋ ልክ አይደለም። ልብሴ አይደርቅም፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ፀሐይ ካየሁ ቆየሁ ትላለች። የላክሁላት በርበሬም ሻገተብኝ አለችኝ። ምን ብዬ ላጽናናት?
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ እውነቷን ነው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ገደማ ያለው የዚህ አገር የዝናብ ወቅት ደብረ ብርሃን የሚያውቁት ክረምት አይደለም። የእናንተው ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ አየሩ ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ግን ዝናቡ ቆሞም አየሩ እርጥብና ሞቃት ነው፤ ሌሊትም አይለቅም። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያው ዓመት ላይ ይከብደዋል።

ከበርበሬው እንጀምር። የሻገተውን ሳትሳሳ ትጣለው፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ የሚድን ነገር አይደለም። ለወደፊቱ በርበሬውን፣ ሽሮውንና ድርቆሹን ከግንቦት ጀምራ በትንንሽ ላስቲክ ከፋፍላ ፍሪዘር ውስጥ ታስገባ። እኛ ሠፈር ያለን ሁሉ የምናደርገው እንደዚያ ነው። ለልብሷ ደግሞ በየሠፈሩ ሳንቲም እየገባበት የሚሠራ የልብስ ማጠቢያ ቤት አለ፤ ቤቷ አጥባ ማድረቂያውን ብቻ እዚያ ብትጠቀም የተቀመጠ ልብስ መሽተቱ ይቀርላታል።

አሁን ወደ ልቧ እንምጣ። እቤት ተዘግታ ዝናቡ እስኪያባራ እንዳትጠብቅ ይንገሯት፣ ምክንያቱም የዚህ ወር ውበት ያለው ዝናቡ ውስጥ ነው። በሰኔ መጀመሪያ ሆሪኪሪ ወደሚባለው የአይሪስ አበባ ማሳያ ትምጣ፤ እኛው ካትሱሺካ ውስጥ ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ ወደ 200 የሚጠጋ ዓይነት ያለው 6,000 ያህል ተክል ውሃ በተኛበት መደብ ላይ ይቆማል። ነጭ፣ ሐምራዊ፣ በሰማያዊ ደም ሥር የተሰመረ። በጠራ ቀን አይታ ከምትረካ በዝናብ አይታ ትረካለች፤ ጠብታው ከዚያ ሰፊ አበባ ላይ ሲንከባለል ማየት ነው። ጠዋት በማለዳ ብትመጣ ያሉት የሠፈሩ አሮጊቶች ብቻ ናቸው። ይህ ካለፈባት ደግሞ በየቤቱ አጥር ሥር አጂሳይ አለ፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ መግቢያ የማይጠፋ አበባ። አሲዳማ አፈር ላይ ሰማያዊ፣ ሌላው አፈር ላይ ሮዝ ይሆናል፤ አንዳንዴ በአንድ አጥር ላይ ሁለቱንም ታገኛለች።

እጇን የሚያሠራት ነገርም ትያዝ። በዚሁ ሰሞን ሱፐርማርኬት ውስጥ ኡሜ የሚባል ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ በኪሎ በኪሎ ታሽጎ ይደረደራል፣ አጠገቡም ትልልቅ የመስታወት ማሰሮና እንደ ጠጠር የተሰባበረ ነጭ ስኳር። አንድ ኪሎ ፍሬ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ትግዛ። ፍሬውን አጥባ አንድ በአንድ በጨርቅ ታድርቀው፤ እርጥበት ከቀረበት ይበላሻል። ከጫፉ ላይ ያለችውን ጥቁር እንብርት በስቴኪኒ ጎርጉራ ታውጣ። ይህቺ ሥራ ረጅም ናት፣ ግን መስኮት ሥር ተቀምጦ ዝናቡን እየሰሙ ለመሥራት ከእሷ የተሻለ የለም። ከዚያ በፈላ ውሃ ተለቅልቆ በደረቀ ማሰሮ ውስጥ አንድ ረድፍ ፍሬ፣ አንድ ረድፍ ስኳር እያደረገች ትሙላው። ፀሐይ በማይነካው ቦታ ታስቀምጠውና በየቀኑ ማሰሮውን አንዴ ታገላብጠው። ስኳሩ በሳምንት ውስጥ መቅለጥ ይጀምራል፣ ፍሬውም ይጨማደዳል። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው አጥልላ ፍሪጅ ታስገባው። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ ስትጠጣው ኮምጣጣና ጣፋጭ ነው፣ የሐምሌን ሙቀት የሚቆርጥ። ጥሬውን ፍሬ ግን እንዳትቀምሰው፣ ያልበሰለው መርዝነት አለው። ጠጅ ሲጣል እያየች ላደገች ልጅ ይህ አይከብዳትም፤ ማሰሮውን ባገላበጠች ቁጥርም ቀኑ እየሄደ መሆኑን በዓይኗ ታያለች።

መጦሪያው ውስጥ እኛ በዚህ ወር ነጭ ጨርቅ ጠቅልለን ትንንሽ አሻንጉሊት ሠርተን መስኮት ላይ እንሰቅላለን፤ ዝናብ እንዲያባራ የሚደረግ የልጆች ልማድ ነው። ሰማንያ ያለፋቸው ሰዎች ፊት እየሳሉ ሲስቁ ብታይ ልጅዎም ትስቅ ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ሄዶ ፀሐይ ወጥታም ድምፅዋ ካልተስተካከለ፣ እንቅልፏም ካልተመለሰላት፣ ችላ አይበሉት። ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ ተማሪ ከሆነች ዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ክፍል ይኖረዋል። እስከዚያው እሑድ እሑድ ወደ እኛ ሠፈር ትምጣ፣ ቡና ይፈላል።

ጥያቄ፦ በመጪው ጸደይ ከባለቤቴ ጋር ለሁለት ሳምንት ቶኪዮ መምጣት አስበናል። ትኬት የምንቆርጠው አሁን ነው። ሳኩራው በየትኛው ቀን ነው የሚያብበው?
ከዋሽንግተን

መልስ፦ ቀኑን ቁርጥ አድርጎ የሚነግርህ የለም፣ የሚቀራረብ ግን አለ። ለአንተ በፈረንጅ ቀን ልጻፍልህ። በቶኪዮ መከፈቱ የሚታወጀው ያሱኩኒ በሚባለው መቅደስ ግቢ ያለች አንዲት ዛፍ ላይ የአየር ትንበያ ባለሙያዎች አምስት ስድስት አበባ ሲቆጥሩ ነው። አማካይ ቀኑ ማርች 24 ነው፣ ሙሉ ለሙሉ የሚያብበው ደግሞ ማርች 31 ግድም። ነገር ግን በ2023 ማርች 14 ላይ ተከፍቶ ነበር፣ በ2024 ደግሞ እስከ ማርች 29 ቆየ። ስለዚህ ከማርች 24 እስከ ኤፕሪል 6 ያለውን ሁለት ሳምንት ያዙ። ቀድሞ ቢያልቅባችሁ ሺንጁኩ ግዮየን ውስጥ ድርብርብ የአበባ ቅጠል ያለው ዘግይቶ የሚያብብ ዓይነት አለ፣ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ።

ዩኤኖ ፓርክ አንድ ጊዜ ሂዱ፣ ሕዝቡን ለማየት። መቀመጥ ከፈለጋችሁ ግን የወንዝ ዳር ይሻላል። ምንጣፍ ላይ ጫማ ማውለቅ ነው፣ ቅርንጫፍ አይነካም፣ ቆሻሻም ወደ ቤት ይዞ መመለስ ነው። የዐቢይ ጾም ስለሚሆን በጨው በታሸ የሳኩራ ቅጠል የተጠቀለለውን የባቄላ ጣፋጭ ይዛችሁ ሂዱ፣ የጾም ነው። ቅጠሉንም አብሬ እበላለሁ እኔ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። እናንተ ዘንድ ፖቶማክ ዳር ያሉት ዛፎች የመጡት በ1912 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ከንቲባ የነበሩት ዩኪዮ ኦዛኪ ከላኳቸው 3,020 ችግኞች ነው። ችግኞቹ የተዘጋጁት አራካዋ ወንዝ ዳር ከነበሩት የሳኩራ ዛፎች በተቆረጠ ቀንበጥ ነበር። አራካዋ በእኛ ሠፈር ዳር የሚያልፈው ወንዝ ነው። ስትመጡ በዳሩ በብስክሌት ንዱ።

ጥያቄ፦ እኔ የዱባይን ሙቀት ለምጃለሁ። ጃፓን ያለችው እህቴ ግን የቶኪዮ ነሐሴ ይብሳል እያለች ታስፈራራኛለች። ፈቃድ የማገኘው በነሐሴ ብቻ ነው። ልምጣ ወይስ ልቅር?
ከዱባይ

መልስ፦ ነይ። በዲግሪ ከሆነ የዱባዩ ይበልጣል። ልዩነቱ አንቺ ዱባይ ከመኪና ወደ ሕንፃ ትገቢያለሽ፣ እዚህ ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ባቡር ይጠብቃል፣ ብስክሌት ይነዳል። ከ35 ዲግሪ በላይ የሚሆንባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው፣ እርጥበቱም ያልባል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከመሸ በኋላ ውጪ፣ መሐሉን ጥላ ሥር አሳልፊ።

እህትሽ ፍሪጅ ውስጥ ሙጊቻ መኖሩ አይቀርም። የተቆላ ገብስ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ የሚጠጣ ነው፣ ካፌይን የለውም፣ ሕፃንም አሮጌም ይጠጣዋል። ከብርጭቆው የሚወጣው ሽታ ቆሎ ሲቆላ ቤት የሚሞላው ሽታ ነው። እኔ መጀመሪያ በቀመስኩበት ቀን ሁለተኛ ብርጭቆ ጠይቄ ነው የተነሳሁት።

በፍልሰታ ሰሞን፣ በተለይ ነሐሴ የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ፣ ጃፓኖች የሞቱ ወላጆቻቸውን ነፍስ የሚያስቡበት በዓል አለ። ማታ ማታ በየሠፈሩ ሜዳ ላይ ከእንጨት ማማ ይሠራል፣ ከላይ ከበሮ ይመታል፣ ሰው ሁሉ በዙሪያው ክብ ሠርቶ ይጨፍራል። ቲኬት የለም፣ ግብዣ የለም። ከኋላ ገብተሽ ከፊትሽ ያለችውን ሴት እጅ እያየሽ ትከተያለሽ፤ ከአንድ ዙር በኋላ ይገባሻል። ከሐምሌ 18 እስከ 24 ባለው ሳምንት ብትደርሺ ኖሮ የሱሚዳ ወንዝን ርችት ታይ ነበር። ከ1733 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ በጁላይ የመጨረሻ ቅዳሜ ወደ 20,000 የሚጠጋ ርችት ይተኮሳል። ለሌሎቻችሁ ምክሬ፣ ርችቱ ወደሚተኮስበት ወደ አሳኩሳ ሄዳችሁ በሰው ከምትጨናነቁ ከአራካዋ ዳር ሣሩ ላይ ተቀምጣችሁ ከሩቅ እዩት። ከሩቅ ሲሆን ድምፁ ከብርሃኑ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ልጆች እሱን መቁጠር ይወዳሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሳይታማ ነው። እናቴ በታኅሣሥ ከጎንደር ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ሙቅ ውሃ ብትገባ ይሻላት ነበር። ግን ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ በሙሉ ንቅሳት አላት፣ ጃፓን ውስጥ ደግሞ የተነቀሰ ሰው አያስገቡም ሲሉ እሰማለሁ። ራቁቷን ሰው ፊት መሆኑንም እንዴት እነግራታለሁ?
ከሳይታማ

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ ነው፤ የእኔም እናት አንገቷ የተነቀሰ ነበር።

የሰማሽው እውነትነት አለው። ትልልቅ ፍል ውሃዎችና መዝናኛ ቤቶች ብዙዎቹ ንቅሳት ይከለክላሉ፣ ምክንያቱ ንቅሳት እዚህ ከወንበዴ ቡድኖች ጋር ተያይዞ ስለቆየ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. አገጯ ላይ ባህላዊ ንቅሳት ያላት አንዲት የኒውዚላንድ ማኦሪ ሴት ሆካይዶ ውስጥ ከአንድ ፍል ውሃ በር መመለሷ ብዙ አነጋግሯል። ነገር ግን የሠፈር መታጠቢያ ቤት፣ ሴንቶ የሚሉት፣ ሌላ ነው። ሴንቶ የመዝናኛ ቤት አይደለም፣ ሰው ገላውን የሚታጠብበት የሠፈር ቤት ነው፤ በአብዛኛው የተነቀሰውንም ያስገባሉ። እንዳትሳቀቂ አስቀድመሽ ስልክ ደውለሽ ጠይቂ። እናትሽንም እንዲህ በያት፦ ጃፓን ውስጥም በሰሜን የአይኑ ሴቶች በአፋቸው ዙሪያ፣ በደቡብ የኦኪናዋ ሴቶች እጃቸው ላይ ይነቀሱ ነበር፣ መንግሥት እስኪከለክላቸው ድረስ። እኛ ሠፈር ያለው ሴንቶ ውስጥ አንዲት አሮጊት የአንዷን ኢትዮጵያዊት እናት አንገት አይተው፣ በጣታቸው በራሳቸው አንገት ላይ እየሳሉ «ቆንጆ» ብለዋታል።

ራቁት ስለ መሆኑ አትሸፋፍኚላት፣ ቀድመሽ ንገሪያት። ወንድና ሴት በሩም ውሃውም የተለያየ ነው። ጫማችሁን በር ላይ ትቆልፋላችሁ፣ ትከፍላላችሁ (በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቶኪዮ ውስጥ ለአዋቂ 550 የን ነበር)፣ ልብስ ታወልቃላችሁ። ትንሽ ፎጣ ትይዛለች፣ ከፊት ለፊቷ እያደረገች መሄድ ትችላለች። ከዚያ ዝቅ ያለች መቀመጫ ላይ ተቀምጣ በሳሙና በደንብ ትታጠባለች፤ ወደ ገንዳው የሚገባው ንጹሕ ገላ ብቻ ነው። ፎጣው ውሃው ውስጥ አይነከርም፣ ጸጉርም ይታሰራል። ማንም ማንንም አያይም። አብዛኛው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። አይሆንም ካለችሽ ግን አታስገድጃት፤ እግርን ብቻ የሚነክሩበት ቦታ ያላቸው ፍል ውሃዎች አሉ፣ ለጉልበቷ እሱም ይረዳታል።

ቀኑን ምረጪላት። ታኅሣሥ 12 ወይም 13፣ የዓመቱ አጭሩ ቀን ላይ፣ ብዙ ሴንቶዎች ገንዳው ውስጥ ዩዙ ይጨምራሉ። ከሎሚ ከፍ ያለ ቢጫ ፍሬ ነው፣ ልጣጩ ጎርባጣ፣ ሽታው ከሎሚም ከብርቱካንም የተለየ። ፍሬው እንዳለ ይንሳፈፋል፣ ወደ አንቺ ሲመጣ በእጅሽ ገፋ ታደርጊዋለሽ። በሩን ከፍተሽ ስትገቢ የሚቀበልሽ እንፋሎቱ ራሱ ዩዙ ነው። ልክ ሲከፈት ሂዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። ያኔ ያሉት እንደ እናትሽ ያሉ አሮጊቶች ናቸው፣ ውሃውም ገና ማንም አልገባበትም።

ሥራዬ ነውና ይህን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ውሃው 42 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል። ከመግባቷ በፊት ውሃ ትጠጣ፣ እግሯን ቀድማ ትንከር፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ አትቆይ፣ ስትነሳም ክንዷን ይዘሽ ቀስ ብላ ትነሳ። የደም ግፊት ካለባት ሐኪሟን ሳትጠይቂ እንዳታስገቢያት። ቆዳዋ ስስ ከሆነ ዩዙው ትንሽ ሊቆጠቁጣት ይችላል፣ ያኔ ተራው ገንዳ ውስጥ ትግባ።

ስትወጡ ሁሉም ሰው ማቀዝቀዣውን ከፍቶ በጠርሙስ ያለ ቡና በወተት ሲጠጣ ታያለሽ። እናትሽ ጾመ ነቢያት ላይ ስለምትሆን እሱ አይሆናትም። ሚካን የሚባለው ትንሽ መንደሪን በዚያን ወር በየአትክልት መደብሩ ርካሽ ነው። በከረጢት ይዘሽላት ሂጂ፣ እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ትላጠው።